ጥለቱ ወደ ላይ

እትዬ አስካለ ማረፋቸውን የሰማሁት አየር ጤና የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ነው። የደወለችልኝ አበባ ናት፤ የጤና ጣቢያችን የጽዳት ሠራተኛ። «እትዬ አስካለ አረፉ» አለችኝ። «እሺ» አልኳት። ሰው ሞተ ሲባል እሺ ይባላል እንዴ? እኔ ግን አልኩ። ሰልፉ ሲጠጋ ተጠጋሁ፣ ታክሲው ሲመጣ ገባሁ፣ መውረጃዬ ሲደርስ «ወራጅ አለ» ብዬ ወረድኩ። ቤቴ ገብቼ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩና እንባ ጠበቅኩ። አልመጣም። ይህን ስጽፍም አልመጣም፤ እያለቀስኩ የምጽፍ እንዳይመስላችሁ።

ዘጠኝ ዓመት አንድ ክፍል ውስጥ አብረን ሠርተናል። ካርድ ክፍል። በሽተኛ ጤና ጣቢያ ሲመጣ መጀመሪያ የሚቆመው እኛ መስኮት ላይ ነው። ቁጥሩን ይነግረናል፣ እኛ ካርዱን ከመደርደሪያ አውጥተን ወደ ሐኪሙ ይዞት እንዲገባ እንሰጠዋለን። ሥራው ይኸው ነው። መስኮቱ ቀኑን ሙሉ ስለማይዘጋ የኮልፌ የጠዋት ብርድ በቀጥታ ይገባል። ረፋድ ላይ ደግሞ የጣሪያው ቆርቆሮ ይግልና ክፍሉ ምድጃ ይሆናል። አዲስ ስቀጠር ሹራብ ላይ ሹራብ ደርቤ እመጣና አራት ሰዓት ላይ አንድ በአንድ ሳወልቅ እገኝ ነበር።

እትዬ አስካለ ሦስት ቀን ዝም ብለው አዩኝ። በአራተኛው ቀን፣

«አንቺ ልጅ፣ ሽንኩርት ነሽ እንዴ? ስትላጪ ነው የምትውይው» አሉኝ።

ከመሳቢያቸው ታጥፎ የተቀመጠ ነጠላ አወጡና ትከሻዬ ላይ ጣል አደረጉልኝ። የበዓል ነጠላ አልነበረም። ብዙ ከመታጠቡ የተነሳ ሳስቶ ጣት ያሳያል፣ የጥለቱ አረንጓዴ ደብዝዞ ግራጫ ሊሆን ምንም አልቀረውም። «የሥራ ነጠላ» ነበር የሚሉት። እንደዚያ ያለ ሁለት ነበራቸው፤ አንዱን ለብሰው ይመጣሉ፣ ሌላው መሳቢያ ውስጥ ተቀምጦ ብርድ የመታውን ሰው ይጠብቃል።

«ትከሻ ከተያዘ ሌላው ራሱን ይችላል» ይሉ ነበር። «ጋቢ የበሽተኛ ነው። ሹራብ ደግሞ አንዴ ከገባሽበት አያስወጣሽም። ይሄ ግን ሲበርድሽ ታጠብቂዋለሽ፣ ሲሞቅሽ ታላልቺዋለሽ።»

አለባበሳቸውን አሁንም አየዋለሁ። በነጩ ጋውን ላይ ደረብ አድርገው ይጥሉታል፤ ግራው ይረዝማል፣ ቀኙ ያጥራል፣ ቀኝ እጃቸው ስለሚሠራ። ከላይኛው መደርደሪያ ካርድ ሲያወርዱ ሁለቱን ጫፎች ወደ ኋላ ወርወር ያደርጓቸዋል። ትልቅ ሰው መስኮቱ ላይ ከመጣ ጫፉን ሰብሰብ አድርገው ብድግ ይላሉ። አለቃ ሲመጣ ግን አይነሱም።

አንድ ሰሞን አዲስ ኃላፊ ተሾመና «ከጋውን በላይ ነጠላ መልበስ የተከለከለ ነው» የሚል ወረቀት በር ላይ አስለጠፈ። እትዬ አስካለ መነጽራቸውን አድርገው ሁለት ጊዜ አነበቡት። በማግስቱ ነጠላቸውን ከጋውኑ ሥር አድርገው መጡ። ጀርባቸው አብጦ፣ ትከሻቸው ጆሯቸው ሥር ደርሶ፣ ሰው አይመስሉም ነበር። ኃላፊው አይቷቸው ደነገጠ።

«እትዬ አስካለ፣ አሞዎታል እንዴ?»

«ኧረ ደህና ነኝ ልጄ። ወረቀቱ ከጋውን በላይ ነው የሚለው።»

ኃላፊው ሳቁን ለመደበቅ ፊቱን አዞረ። ወረቀቱ እንደተለጠፈ ቀረ፣ እኛም እንደለበስን ቀረን።

ሌላ ጊዜ ደግሞ አንዲት ሴት ትኩሳት እያንቀጠቀጣት ሰልፍ ላይ ቆማ አዩ። የመሳቢያውን ነጠላ በመስኮቱ አሾልከው ሰጧት። ሴትየዋ ታክማ ስትጨርስ ለብሳው ሄደች። ሳምንት ጠበቅን፣ ወር ጠበቅን። እኔ ተበሳጨሁ።

«ምን ያናድድሻል?» አሉኝ። «ትከሻዋ ላይ ነው ያለው። የት ይሄዳል?»

በሚቀጥለው ሰኞ ሌላ የሳሳ ነጠላ አምጥተው መሳቢያው ውስጥ አስቀመጡ። ስለ እሳቸው ሌላ ምንም ባላውቅ ይህ ይበቃኝ ነበር። ግን አውቃለሁ፤ የምጽፈውም ስለዚያ ነው።

ሁለት ልጆች ነበሯቸው። ትልቋ ሕይወት አስኮ ትዳር ይዛ የምትኖር ናት። ታናሹ ቢንያም የከባድ መኪና ሾፌር ነበር። ጭነት ይዞ ወደ ሰሜን በወጣ ሰሞን ጦርነቱ ተነሳ፣ መንገዱ ተዘጋ፣ ስልክም ተቋረጠ። ከዚያ በኋላ ወሬው ጠፋ። ወራት ቆይቶ የመኪናው ባለቤት ለእትዬ አስካለ ደውሎ መኪናው መንገድ ዳር ተቃጥሎ መገኘቱን ነገራቸው። ሰው ግን አልተገኘበትም አላቸው። በሕይወት ያለም፣ የሞተም።

ስልክ ተከፈተ የተባለ ዕለት መስኮታችን ላይ የተሰለፉ ሰዎች ስልካቸው ሲጮህ ዋለ። አንዱ ይስቃል፣ አንዷ መሬት ተቀምጣ ታለቅሳለች፣ ሌላው «ሃሎ! ሃሎ! አለህ?» እያለ ይጮኻል። የእትዬ አስካለ ስልክ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ ዋለ። አንድ ጊዜ ብቻ ጮኸ። ሕይወት ነበረች፣ «ደወለ?» ብላ ልትጠይቅ።

ዓመት አለፈ። የእድሩ ሰዎች መጥተው አናገሯቸው፣ ወንድማቸው ከደብረ ብርሃን ድረስ መጥቶ ለመናቸው። «አስካለ፣ እርምሽን አውጪ። ለነፍሱም ጥሩ አይደለም፣ ላንቺም አይሆንሽም» አሏቸው። እሳቸው የሚመልሱት ሁልጊዜ አንድ ነበር።

«ሬሳ አይታችኋል? አላያችሁም። እኔም ሳላይ ጥለቴን አላዞርም።»

በደህና ቀን የነጠላ ጥለት ወደ ታች ነው የሚሆነው። ሐዘን ሲመጣ ይዘቀዘቃል፤ ጥለቱ ወደ ላይ፣ ወደ አንገት ይወጣል። ይህን ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረንም፣ እያየን ነው ያደግነው። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት የሰው ሁሉ ዓይን በእትዬ አስካለ ጥለት ላይ ነበር። የጥበቃው አቶ ደበላ በሩን ሲከፍቱላቸው መጀመሪያ እሱን ነው የሚያዩት። እኔም እንደዚያው። ጥለቱ ታች ካለ «እንዴት አደሩ» እላቸዋለሁ፣ ሥራ እንጀምራለን። አንድ ቀን ወደ ላይ ሆኖ ብመለከት ምን እንደምል በታክሲ ውስጥ እየተለማመድኩ የመጣሁበት ጊዜ አለ። በእኔ በኩል ይመጣል ብዬ ግን አንድም ቀን አላሰብኩም።

ማክሰኞ ነበር። ሌሊት መብራት ጠፍቶ ስልኬ ሳይሞላ አደረና ሳይቀሰቅሰኝ ቀረ። ደንግጬ ተነሳሁ፣ መስኮት በሌለው ክፍሌ ውስጥ እየዳበስኩ ለበስኩ፣ ከሚስማሩ ላይ ነጠላዬን ስቤ ትከሻዬ ላይ ጣልኩና ሮጥኩ። ታክሲ ውስጥ አጠገቤ የነበሩ ሽማግሌ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁልኝና «እግዜር ያጽናሽ ልጄ» አሉኝ። «አሜን» አልኩ። አዲስ አበባ ውስጥ በጠዋት የሚመርቅ ሽማግሌ ሞልቷል፤ የትኛው ምርቃት ለምን እንደሆነ ማን ያጣራል።

ጤና ጣቢያው በር ላይ አቶ ደበላና አበባ ቆመው አገኘኋቸው። ባለፈው ቀን እግሩ የተሰበረ መደርደሪያ ነበር። እትዬ አስካለ እሱን በጠዋት እንድናነሳላቸው ጠይቀውን ነበርና ሦስታችን ተያይዘን ሄድን። አበባ እያዛጋች ነበር። አቶ ደበላ በእጃቸው መዶሻ ይዘው ከኋላ ይመጣሉ። ሁለቱም አላስተዋሉኝም።

በሩን ከፈትኩት። እትዬ አስካለ ዝቅተኛዋ ወንበር ላይ ተቀምጠው ካርድ ይደረድራሉ። ቀና አሉ። እኔን አዩ፣ ከኋላዬ ያሉትን ሁለቱን አዩ፣ ተመልሰው እኔን አዩ።

መርዶ በጠዋት ነው የሚነገረው። አንድ ሰው ብቻውን አይሄድም፣ ሰብሰብ ተብሎ ነው። በር ይከፈታል፣ ሦስት አራት ሰው ቆሞ ይታያል፣ ማንም አይናገርም። እኛም ስለ መደርደሪያው ማን ይጀምር ብለን አልተናገርንም።

በእጃቸው የያዙትን ካርድ ቦታው አስገቡት። ትክክለኛ ቦታው ነበር፣ በኋላ አይቼዋለሁ። ከዚያ ተነሱ። ነጠላቸውን ከትከሻቸው አወረዱ፣ አንዴ አራገፉት፣ ዘቀዘቁት። ጥለቱን አንገታቸው ሥር አድርገው ለበሱት። ከዚያ፣

«የት ወድቆ ተገኘ?» አሉኝ።

«ማን?» አልኩ። እውነቴን ነው፣ አልገባኝም ነበር። ዓይናቸው ትከሻዬ ላይ እንደሆነ ሳይ ነው ጎንበስ ብዬ ራሴን ያየሁት። ጥለቱ አገጬ ሥር ነበር።

«እትዬ! በእመብርሃን! ማንም አልሞተም። በጨለማ ለብሼው ነው፣ መብራት ጠፍቶ ነው። መደርደሪያውን ልናነሳ ነው የመጣነው!»

«ቢንያም አይደለም?»

«አይደለም። ስለ ቢንያም ምንም አልሰማሁም።»

አቶ ደበላ መዶሻውን ከጀርባቸው ደበቁት። እኔ የራሴን አቃንቼ የእሳቸውን ላቃና ተጠጋሁ። እጄን ያዙኝ።

«ተይው።»

«እትዬ፣ ስህተት ነው እያልኩዎት…»

«ሰምቼሻለሁ። ተይው።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፣ እኔ ብቻ እንድሰማ። «ሳዞረው እፎይ አልኩ። ልጄ ሞተ ብዬ እፎይ አልኩ፣ ትግስት። እፎይ ያለች እናት ምን ብላ ትመልሰዋለች?»

ከዚያ ቀና ብለው በሁላችንም ፊት፣

«አቶ ደበላ፣ ለእድሩ ይነገርልኝ» አሉ።

አቶ ደበላ ወደ እኔ አዩ። እኔ ወለሉን አየሁ። ያን ጊዜ አንድ ቃል ብናገር፣ «አይነገርም፣ ስህተት ነው» ብዬ በሩ ላይ ብቆም ኖሮ ይቆም ነበር ብዬ አስባለሁ። አልቆምኩም። አቶ ደበላ ቆባቸውን አውልቀው ወጡ።

ድንኳን ተተከለ። የቢንያም ፎቶ ተሰቀለ፤ መኪናው በር ላይ ተደግፎ የሚስቅበት። ሕይወት ስታለቅስ ድምጿ እስከ አስፋልቱ ይሰማ ነበር። ሰዎች «ወሬውን ማን አመጣው?» ሲሉ እትዬ አስካለ «መሥሪያ ቤት ነገሩኝ» ይላሉ፣ ከዚያ አያልፉም። ስሜን አንድም ጊዜ አላነሱም። አቶ ደበላና አበባም ዝም አሉ። እኔ ሦስቱንም ቀን ድንኳኑ ውስጥ ተቀመጥኩ። ሰው ሲያለቅስ ፊቴን በነጠላ እሸፍናለሁ፣ ከነጠላው ሥር ግን ደረቅ ነበርኩ። አፍሬም አልነበር፣ አዝኜም አልነበር። ጣቶቼ ብቻ ይቀዘቅዙኝ ነበር።

በአሥረኛው ቀን ወደ ሥራ ተመለሱ። ጥቁር ቀሚስ፣ ነጩ ጋውን፣ የተዘቀዘቀ ነጠላ። ዓመቱ እስኪሞላ እንደዚያ ለበሱ። ስለዚያ ጠዋት ያወራነው አንድ ቀን ብቻ ነው። ካርድ እየቆጠርን ሳለ ከመሬት ተነስተው፣

«አንቺ ባትሳሳቺ ኖሮ እስካሁን ያንን ስልክ ሳይ እኖር ነበር» አሉኝ።

ምስጋና ይሁን ወቀሳ አላወቅኩም። ልጠይቃቸው አፌን ስከፍት «ስንት ላይ ደረስን?» ብለው ቆጠራውን ቀጠሉ።

እንቅልፍ ያገኙ ጀመር። ፊታቸውም ሞላ። ሰው ሁሉ «ይኸው፣ እርም ማውጣት ደግ ነው» አለ። አንድ ቀን ግን ረጅም፣ ፂሙን ያሳደገ ሰው መስኮታችን ላይ ቆመ። እትዬ አስካለ ካርዱን ይዘው አልሰጡትም። ፊቱን ያያሉ። «ስም?» አሉት። ስሙን ተናገረ። «የአባት ስም?» እሱንም ተናገረ። ሁለቱም ካርዱ ላይ ተጽፈው በእጃቸው ነበሩ። ካርዱን ሰጡትና ነጠላቸውን ጠበቅ አድርገው ተቀመጡ። ያን ቀን የሞቀ ቀን ነበር።

ጡረታ ከወጡ በኋላ ብዙም አልተገናኘንም። እኔ ነኝ የራቅኩት። ደም ግፊታቸው እንደበረታ ሰምቼ እሄዳለሁ እያልኩ ሳልሄድ ቀረሁ፤ ከዚያ አበባ ደወለች።

የተቀበሩት ቀራንዮ ነው። በሦስተኛው ቀን ሕይወት ከድንኳኑ ኋላ ጠርታ ለብቻዬ አናገረችኝ። ዓይኗ አብጧል፣ ድምጿ ግን የተረጋጋ ነበር።

«ትግስት፣ ድንጋይ ላሠራላት ነው። ቢንያምንም ከእሷ ስም ሥር ላስጽፈው ፈለግኩ፣ መቃብር የለውምና። የሞተበትን ቀን ግን አላውቅም። እማዬ መሥሪያ ቤት ነገሩኝ ብቻ ነበር የምትለኝ። አቶ ደበላን ብጠይቃቸው ትግስት ታውቃለች አሉኝ። ማነው የነገራችሁ?»

የሞተበት ነው ብዬ የሆነ ቀን ፈጥሬ ብነግራት ድንጋዩ ላይ ይቀረጽ ነበር። ማንም አይጠይቅም ነበር። ይህን አስቤዋለሁ፣ አልዋሽም።

«ማንም አልነገረንም» አልኳት። «ነጠላዬን ዘቅዝቄ ለብሼ መጣሁ። በስህተት። እናትሽ መርዶ መሰላቸው። ስህተት መሆኑን ነግሬያቸዋለሁ። አልመልሰውም አሉ።»

ትጮኻለች ብዬ ጠበቅኩ። ትመታኛለችም ብዬ ጠበቅኩ። አጠገቧ ከነበረው አግዳሚ ላይ ቀስ ብላ ተቀመጠች።

«እኔ እኮ ስፈልገው ነበር» አለችኝ። «የጠፉ ሰዎችን ስም የሚመዘግብ ቢሮ አለ። ለእማዬ ሳልነግራት በየአሥራ አምስት ቀኑ እሄድ ነበር። ለቅሶው በተነሳ ሳምንት ሄጄ አሰረዝኩት። አይድከሙ ብዬ፣ ሞቷል ብዬ።»

ውስጥ ሰው ለሰው «ያጽናችሁ» ይባባላል። የሆነ ነገር እንዲሰማኝ ጠበቅኩ፤ የመጣው አንድ ሐሳብ ብቻ ነው። ቢሮው ሰኞ ይከፈታል።

ሰኞ አብረን ሄድን። መዝጋቢው ወጣት ነው፣ ትሑት። የቢንያምን ሙሉ ስም ሕይወት ነገረችው። ወፍራም መዝገብ አውጥቶ ገልጦ ገልጦ አንድ መስመር ላይ ጣቱን አሳረፈ።

«ይሄ ተዘግቷል እኮ። መሞቱ ተረጋግጧል ተብሎ ነው የተሰረዘው» አለ። ቀና ብሎ አየን። «ያረጋገጠው ማነው?»

ሕይወት መዝገቡን አየች። ወደ እኔም አልዞረችም።

«እኔ ነኝ» አልኩት።

«ሲሞት አይተሻል?»

«አላየሁም።»

«ያየ ሰው ነግሮሻል?»

«ማንም አልነገረኝም።»

የምጨምረው እንደሌለ ሲገባው አዲስ ገጽ ገለጠና ብዕሩን አነሳ።

«እሺ፣ የመጨረሻ ጊዜ የታየው መቼ ነው?» አለን።